ሁሉን በዕድሜዎ አያሳብቡ

ከጅማ የደረሰን ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ጅማ፣ ሂርማታ ነው፤ አሁንም የምኖረው እዚያው ነው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት 34 ዓመት አገልግዬ አምና 60 ሲሞላኝ በጡረታ ተሰናበትሁ። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። ትልቋ ልጄ አዲስ አበባ ትዳር ይዛለች፤ ታናሽ ወንድሟ ውጭ ሀገር ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰውነቴ ባንድ ጊዜ የከዳኝ መሰለኝ። ጉልበቴን ያመኛል። ጽሑፍ ካላራቅሁት አይታየኝም። የማውቀው ሰው ስም አፌ ላይ ደርሶ ይጠፋብኛል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እነቃና እንደ ፈጠጥሁ ይነጋል። በቀደም ዕለት ባጃጅ ስሳፈር የልጆች አባት የሚሆን ጎልማሳ 'እማማ፣ ቀስ ብለው ይግቡ' ብሎ ክንዴን ያዘኝ። ትናንት 'እትዬ' ይለኝ የነበረ ሰፈር ዛሬ ተስማምቶ 'እማማ' አድርጎኛል። ለቅሶ ቤት ሄጄ ወደ ጓዳ ልግባ ስል 'ኧረ እርስዎ ይቀመጡ' ይሉኛል፤ ተቀምጬ የሰው ጫማ ስቆጥር እውላለሁ። እየመረረኝ ሲሄድ የእድር ስብሰባውንም ተውሁት። ባለፉት ወራት ሦስት ጓደኞቼን ቀብሬያለሁ።

ልጄ 'ዕድሜ ቁጥር ብቻ ነው' የሚል ጽሑፍ ከአበባ ሥዕል ጋር በስልክ ትልክልኛለች። መስተዋት ፊት ስቆም ግን የማየው ቁጥር አይደለም። አዲስ አበባ መጥተሽ ከእኛ ጋር ኑሪም ትለኛለች። ራሴን ሳልዋሽ እርጅናን በበጎ ልቀበል የምችለው እንዴት ነው? ፀጉሬንስ ቀለም ብቀባ ነውር ይሆን?»

የተከበሩ እኅቴ፣

የስልኩን ጽሑፍ በተመለከተ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ዕድሜ ቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ መሥሪያ ቤትዎ 60 ሲሞላዎ የስንብት ደብዳቤ ባልጻፈልዎ ነበር። ልጅዎ የምትልከው በፍቅር ስለሆነ አበባውን ይዩላትና ይለፉት። ለእኔ የቆየው የእኛው ምርቃት ይሻለኛል፤ «ዕድሜና ጤና ይስጥዎ» የሚለው። መራቂዎቹ ሁለቱን ለየብቻ የጠሯቸው ያለ ነገር አይመስለኝም። አንዱ ሲመጣ ሌላው ሊቀር እንደሚችል ያውቃሉ። «እርጅና ብቻህን ና» የሚሉትም ይህንኑ ለምነዋል።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው ያስገረመኝ አንድ ነገር ነው። ዐይን፣ ጉልበት፣ እንቅልፍ፣ የስም መጥፋት፣ የጓደኛ ሞት፣ ከጓዳ መከልከል፣ እነዚህን ሁሉ አንድ ማኅደር ውስጥ ከተው በላዩ «እርጅና» ብለው ጽፈውበታል። ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው እንዲህ ያለ ፋይል አያደራጅም! ራስዎን ሳይዋሹ እርጅናን በበጎ መቀበል የሚቻለው፣ በእኔ ግምት፣ የእርጅናን ድርሻ ለእርጅና፣ የሌላውን ለሌላው ሲሰጡ ነው። እርጅና ብዙ የሚያስወቅስ ነገር አለበት፤ ያልሠራውን ግን ለምን እናሸክመው?

ከዐይን ልጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። በዐይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ ከ40ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ እየደረቀ፣ እንደ ልብ መለጠጥ እያቃተው ይሄዳል፤ ስለዚህ የቅርቡን ጽሑፍ ጥርት አድርጎ ማሳየት ይሳነዋል። ይህ በእርግጥ የዕድሜ ሥራ ነው፤ መፍትሔው ደግሞ የማንበቢያ መነጽር ነው። እርስዎ ይህን አሁን የመጣ አድርገው ጻፉ እንጂ በሥራ ላይ እያሉም ፋይሉን ክንድዎ እስከሚደርስ ድረስ እያራቁ ያነቡ እንደነበር እገምታለሁ። ይሁን እንጂ ከጎዳና ላይ ገዝተው ብቻ አይቅሩ። በ60 ዓመት ዐይንን መመርመር ያስፈልጋል፤ እይታን እንደ ጭጋግ የሚሸፍነው የዐይን ሞራ ግርዶሽ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ የዐይን ግፊት የሚባለው ግን ሳያምና ሳያስጠነቅቅ ብርሃንን ይሰርቃል፤ የጠፋው እይታም አይመለስም። ለዚህ ምርመራ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልግዎትም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዐይን ሕክምና ክፍል እዚያው ከተማዎ ውስጥ አለ፤ ከክፍለ ሀገሩ ሁሉ ሰው ተጉዞ የሚመጣበት ነው።

ጉልበትዎን ደግሞ ሐኪም ይየው፤ ሳላየው ይህ ነው አልልም። የብዙው ሰው ታሪክ ግን ተመሳሳይ ነው። አንጓው ውስጥ ያለው ልሙጥ ሽፋን ይሳሳል፤ ሰውየው ሲያመው መራመድ ይተዋል፤ መራመድ ሲተው ጭኑ ላይ ያለው ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ጡንቻው ሲሟሽሽ ሸክሙ ሁሉ አንጓው ላይ ይወድቃል፤ ሕመሙም ይብሳል። የመጀመሪያውን እርጅና አመጣው እንበል። የቀረውን ያመጣው መቀመጥ ነው።

ጡንቻ በስንት ዓመት ተስፋ እንደሚቆረጥበት ለማወቅ ለሚፈልጉ አንድ ነገር ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1990 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቦስተን ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው በ90 ዓመት ገደማ የሆነ አቅመ ደካሞችን ለስምንት ሳምንታት የእግር ጡንቻ ማጠንከሪያ አሠሯቸው። የእግራቸው ጥንካሬ በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። አንዳንዶቹ ያለ ምርኩዝ መሄድ ጀመሩ። እርስዎ ከእነዚያ ሰዎች በ30 ዓመት ያንሳሉ፤ በእነርሱ ዘንድ ቢሄዱ ልጅ ነበር የሚባሉት።

ለዚህ ምንም መሣሪያ አይገዙም። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፈው፣ እጅ ሳይጠቀሙ ከወንበሩ ብድግ ማለትና ቀስ ብሎ መቀመጥ፣ እየደጋገሙ። የጅማ በርጩማ ለዚህ አይሆንም። በሦስት እግሩ ቆንጆ ቢሆንም ዝቅ ያለ ስለሆነ የታመመ ጉልበትን ያስጨንቃል፤ በርጩማውን ለቡናው ይተዉት፣ ከፍ ያለ ወንበር ይያዙ። የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመት ለሞላቸውና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም በሳምንት ሦስት ቀን ሚዛን የሚያስጠብቅና ጡንቻ የሚያጠነክር ልምምድ ነው። አሁኑኑ ቢጀምሩት 65 ሲደርሱ ለምደውታል። ለእግር ጉዞ ደግሞ ጅማ ውስጥ ያለ ሰው ቦታ አጣሁ ሊል አይችልም። አንድ ምክር ብቻ ልጨምር፤ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከወጡ ዳገቱን አቅምዎ የፈቀደውን ያህል በእግር ይሂዱ፣ ቁልቁለቱን በባጃጅ ይመለሱ። ዳገት ትንፋሽ ይፈትናል፣ ጉልበትን የሚያደቅቀው ቁልቁለት ነው። ብዙ ሰው ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። ዝናቡ ሲበረታና መንገዱ ሲያንሸራትት ደግሞ ቤትዎ ውስጥ በወንበሩ ይበርቱ፤ በእርስዎ ዕድሜ ጭቃ ላይ ወድቆ የእጅ አንጓ መስበር አንድ ክረምት ያስቀምጣል።

ስም መርሳቱ ብዙም አላስደነገጠኝም። የሰው ስም ከሌላው ነገር ሁሉ ቀድሞ የሚዘገይ ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ከመጣ ጤና ነው። ሊያሳስብ የሚገባው ከመርካቶ ወደ ቤት የሚወስደው የለመዱት መንገድ ሲጠፋ፣ አንድ ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግሞ ሲጠየቅ፣ ሲያስተዳድሩት የኖሩትን ገንዘብ መቁጠር ሲያቅት ነው። ከእነዚህ አንዱንም አልጻፉልኝም። ደግሞስ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እየነቃ የሚያነጋ ሰው፣ ሃያ አምስት ዓመትም ቢሆነው፣ ስም አይጠፋበትም?

እንቅልፉ ላይ ቆም ልበል። ዕድሜ ሲገፋ እንቅልፍ ይቀላል፤ ሰው በጊዜ ይተኛል፣ በጊዜ ይነሣል። ይህን ያህሉ የዕድሜ ድርሻ ነው። ከዚህ በላይ ያለውን ግን ስለ ቡናው ሳልጠይቅ አላልፍም። ለጅማ ሰው ቡና ቀንስ ማለት ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም ከሚጠጡት ካፌይን ገሚሱ ከጠጡት አምስት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላም ሰውነት ውስጥ ይገኛል። በሥራ ዘመንዎ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ነበሩ፤ አሁን ቤት ስለዋሉ ጎረቤት ሲጠራ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን አመሻሽ ላይ ይጨርሳሉ እንበል። ቡናው አይቅር፤ ጎረቤትም አይቅር፤ ወደ ጠዋት ይዙሩ።

ነገር ግን በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ያሳሰበኝ እንቅልፍ ማጣቱ ብቻውን አይደለም። ሌሊት ነቅቶ ማንጋት፣ ሲወዱት ከኖሩት ማኅበር መቅረት፣ «ሰውነቴ ከዳኝ» ማለት፣ ሦስት ጓደኞች በወራት ውስጥ መቅበር፣ እነዚህ ተደምረው ሲታዩ ድብርት ሊሆኑ ይችላሉ። ድብርት በሽታ ነው፤ የእርጅና ባሕርይ አይደለም፤ ይታከማል። ምግብ የሚያስጠላዎ፣ ደስ ይልዎ የነበረው ነገር ሁሉ ደስ የማይልዎ፣ ልብዎ አብዛኛውን ቀን የከበደ ከሆነ፣ ይህም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። መሞት የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠብቁ፤ ያን ዕለት ለልጅዎ ወይም ለቅርብ ጎረቤት ይንገሩና አብረው ይሂዱ። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምናም ይሰጣል። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው እንዳያስቀርዎ። ሰው ምንም ቢል ሌሊት ከእርስዎ ጋር አይነቃም። የጓደኞችዎ ሐዘን ደግሞ ሐዘን ነው። ወጣት ሰው ሦስት ጓደኞቹን በተከታታይ ቢቀብር ማንም «አርጅተህ ነው» አይለውም።

አሁን ወደ ጓዳው እንሂድ። በጣም የከነከነኝ ይህ ነው።

እኛ ሽማግሌ አክባሪዎች ነን እንላለን፤ እውነትም ነው። በአክብሮታችን ውስጥ ግን አንድ ክፉ ልማድ ገብቷል። ሰው 60 ሲሞላው እጁ ላይ ያለውን ሁሉ ተቀብለን ከፍ ያለ ቦታ እናስቀምጠዋለን። «አይድከሙ»፣ «እርስዎ ይቀመጡ»፣ «እኛ እያለን?» እያልን ማንኪያውን፣ ቁልፉን፣ ደብተሩን፣ በመጨረሻም ሐሳቡን እንወስድበታለን። በአክብሮት ስለሚደረግ እንቢ ለማለትም አይመችም። የተከበረው ሰው ወር ሳይሞላው ማንኪያ ማንሣት ያቃተው ይመስለዋል።

ይህን የሚያሳይ የታወቀ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የሚኖሩ ሰዎችን በሁለት ቡድን አዩ። ለአንደኛው ቡድን የክፍላችሁን ነገር የምትወስኑት እናንተ ናችሁ ተባሉ፤ አንዳንድ ተክልም ተሰጣቸው፣ ውኃ እያጠጡ እንዲያሳድጉ። ለሁለተኛው ቡድን ሠራተኞቹ ሁሉን ያደርጉላችኋል ተባሉ፤ ተክል ተሰጣቸው፣ ውኃ የምታጠጣው ግን ነርሷ ናት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ኃላፊነት የተሰጣቸው የበለጠ ንቁና ደስተኛ ሆነው ተገኙ። ሌሎቹም በደግነት ነው የተያዙት፤ ማንም ክፉ አላደረገባቸውም። የእኛ ለቅሶ ቤትም ደግነት ሞልቶታል።

ስለዚህ የባጃጁን ክንድ ይቀበሉ። ያ ጎልማሳ መልካም አስተዳደግ ያለው ነው፤ «እማማ» ብሎ የጠራዎት እናቱን እንደሚጠራ ነው፤ መቀየም ካለብዎ ዝም ብሎ ገፍቶዎት በሚገባው ይቀየሙ። ወንበሩን ይቀበሉ፣ ጓዳውን ግን አይልቀቁ። በር ላይ ቆመው «ልግባ?» ብለው አይጠይቁ፤ የሚጠየቅ ሰው በይሉኝታ «ይቀመጡ» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። ቀደም ብለው ይሂዱና ሥራ ይያዙ። እድሮቻችን ድንኳን፣ ብረት ድስት፣ ሳህን፣ ብርጭቆ አላቸው፤ ለቅሶው ሲያልቅ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድላል፣ ሁልጊዜም ጭቅጭቅ ይነሣል። ዕቃውን በቅጽ ቆጥሮ የሚያስረክብና የሚረከብ ሰው ቢገኝ እድርተኛው ሁሉ ይመርቀዋል። ይህን ሥራ ቁጭ ብለው ይሠሩታል፤ ጉልበትዎም አይከፋበትም፤ ያለ እርስዎ ደግሞ ዕቃ አይወጣም።

ስብሰባውን መተውዎ አላስደሰተኝም። ለእድሩ ስንት ዓመት ከፍለዋል? ለቀብር ብቻ ነው እንዴ የከፈሉት? በሚቀጥለው ስብሰባ ይገኙና ጸሐፊው ማን እንደሆነ ይዩ። እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ የእድር ጸሐፊዎች ሥራቸውን በግድ የተሸከሙ፣ መዝገቡን የሚያስረክቡት ሰው አጥተው የተቀመጡ ናቸው።

ከዚህም በላይ እርስዎ ያለዎት እውቀት በየመንገዱ የሚገኝ አይደለም። ሰው ጡረታ ሊወጣ ሲል የሚያለቅሰው በማኅደሩ ጉዳይ ነው። የቅጥር ደብዳቤው የለም፤ የሕይወት ታሪክ ቅጹ ላይ የተጻፈው የልደት ዘመን ሌላ ቦታ ካለው ጋር አይገጥምም፤ ሁለት ዓመት የሠራበት መሥሪያ ቤት ፈርሷል ወይም ስሙ ተቀይሯል። አብዛኛው ሠራተኛ ይህን የሚያውቀው የስንብቱ ወር ሲደርስ ነው። መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበው ዕድሜ እንደሚያስገድደው እንኳ የማያውቅ ሞልቷል። እርስዎ የትኛው ወረቀት ከየት እንደሚፈለግ፣ ማመልከቻው ለማን እንደሚጻፍ፣ የትኛው ቢሮ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ባዶ እንደሚሆን ያውቃሉ። በሰፈርዎ 55 ዓመት የሞላቸውን መምህራንና ነርሶች ቡና ጠርተው «ፋይላችሁን አሁኑኑ ክፈቱ» ቢሉ ስንቱን ሰው ከእንግልት ያድናሉ! በነጻ ሊያደርጉት ይችላሉ። ማመልከቻ ሲጽፉ ግን የድካምዎን ቢያስከፍሉ እኔ አልነቅፍም፤ ከፍርድ ቤት አጥር ሥር የተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ያስከፍል የለ?

ገንዘቡን ካነሣሁ አይቀር፣ በጎ አመለካከት የዘይት ዋጋ አይቀንስም። የጡረታ አበል ቢበዛ ከአማካይ ደመወዙ 70 በመቶ ነው፤ ደመወዙም የሚታወቅ ነው። «ልጆቼን አላስቸግርም» የሚለው የእኛ እናቶች ኩራት ደስ ይለኛል፣ ነገር ግን የመድኃኒትና የመነጽር ጊዜ ኩራቱን ለአፍታ ያስቀምጡት። ውጭ ሀገር ላለው ልጅዎ የሚያስፈልገውን በቁጥር ይንገሩት። ወንዶች ልጆች ፍንጭ አይገባቸውም።

አመለካከትስ በእርግጥ ዋጋ አለው ወይ? የጠየቁኝ ዋናው ነገር ይህ ስለሆነ ሳልሸፋፍን ልመልስ። የዬል ዩኒቨርሲቲዋ ቤካ ሌቪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ጥናት አለ። በኦሃዮ ግዛት ኦክስፎርድ በምትባል ከተማ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 660 ሰዎች፣ «ባረጀሁ ቁጥር ነገር ሁሉ እየከፋ ይሄዳል» በሚሉና በመሳሰሉት ዐረፍተ ነገሮች ይስማሙ እንደሆነ ከዓመታት በፊት ተጠይቀው ነበር። በኋላ ማን በሕይወት እንዳለ ማን እንዳረፈ ሲታይ፣ ስለ እርጅናቸው በጎ አሳብ የነበራቸው ሰዎች ከሌሎቹ በአማካይ 7.5 ዓመት የበለጠ ኖረዋል። ጤነኛ ሰው ስለ ዕድሜው በጎ ቢያስብ ምን ይደንቃል ይሉኝ ይሆናል። ተመራማሪዎቹም ይህን ጠርጥረው የጤናን፣ የኑሮ ደረጃንና የብቸኝነትን ልዩነት በስሌት ለመቀነስ ሞክረዋል፤ ልዩነቱ ግን አልጠፋም። እንዲያም ሆኖ እንዲህ ያለ ጥናት አመለካከቱ ብቻውን ዕድሜ ሰጠ ብሎ አያረጋግጥም፤ እኔም አልልም።

እኔን የበለጠ የሳበኝ ሌቪ ከሁለት ዓመት በኋላ ያሳተመችው ነው። ስለ እርጅና በጎ የሚያስቡ ሰዎች ምግባቸውን የሚጠብቁ፣ እንቅስቃሴ የሚያደርጉ፣ የታዘዘላቸውን መድኃኒት በወጉ የሚወስዱ ሆነው ተገኙ። ነገሩ ግልጽ ነው። «ጉልበቴን ያመመኝ ስላረጀሁ ነው» ያለ ሰው ሐኪም ዘንድ ምን ያደርጋል? ለእርጅና መድኃኒት የለም። «ጉልበቴን ያመመኝ ጉልበቴ ስለታመመ ነው» ያለ ሰው ግን ይሄዳል፣ ይመረመራል፣ ከወንበር ብድግ ቁጭ ይላል። አመለካከት የምለው ይህንን ነው፤ ጠዋት መስተዋት ፊት ቆሞ መፈገግ ለማይወድ ሰው አይገደድም። እኔም አልወድም።

ደግሞ እርጅና የሚሰጠውን ነገር ሳልጠቅስ ብቀር አድልዎ ይሆናል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ ላውራ ካርስተንሰን ከባልደረቦቿ ጋር ከ18 እስከ 94 ዓመት ያሉ ሰዎችን ስሜት ከአሥር ዓመት በላይ በየጊዜው ስትከታተል ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣችው ውጤት፣ ሰዎች ዕድሜያቸው ሲገፋ በዕለት ኑሯቸው የሚሰማቸው ስሜት እየተሻለና እየረጋ እንደሚሄድ ያሳያል። የእኔ ዕድሜ ከእርስዎ ጥቂት ይቀድማል፤ በእኔ ላይ ሲታይ የምመሰክረው እንዲህ ነው፦ በ30 ዓመቴ ለሳምንት ያስኮርፈኝ የነበረ ነገር አሁን ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይረሳል። ጊዜ ሲያጥር ሰው የሚጠላውን ግብዣ ትቶ የሚወደውን ጎረቤት ይመርጣል። ይህ ምርጫ በሠላሳ ዓመት አይገኝም፤ ያኔ አለቃ አለ፣ አማች አለ፣ የልጅ ትምህርት ቤት አለ።

ፀጉርዎን ይቀቡ። ነውር የለበትም። ጅማ ውስጥ ሂና የሚቀባ ስንት ሰው አለ፤ ማን ምን አላቸው? ከሱቅ የሚገዛ ጥቁር ቀለም ከሆነ ግን አንዳንዱን ሰው ክፉኛ ስለሚያሳክክና ስለሚያሳብጥ ጥቂት ጠብታ ክንድዎ ውስጠኛ ቆዳ ላይ አድርገው ሁለት ቀን ይጠብቁ።

የቀረው አዲስ አበባ ነው። በጡረታ የመጀመሪያ ዓመት ቤት ዘግቶ ከተማ መቀየርን አልመክርም። ልጅዎ የምትጠራዎት ስለምትወድዎ ነው፤ እሷና ባሏ ግን ማለዳ ወጥተው ማታ ይገባሉ፤ እርስዎ ቀኑን ሙሉ ከሕፃንና ከቴሌቪዥን ጋር ይውላሉ። ጅማ ውስጥ ስምዎን የሚያውቅ ባለ ሱቅ፣ የባልዎን መቃብር የሚያውቅ ጎረቤት፣ የከፈሉበት እድር አለ። 350 ኪሎ ሜትር ርቆ በዚህ ዕድሜ ከዜሮ መጀመር ለሚፈልግ ሰው ይቻላል፤ እርስዎ መፈለግዎን ግን ደብዳቤዎ ውስጥ አላየሁም። መጀመሪያ በእንግድነት ይሂዱ፤ ለገና ቢሆን ጥሩ ነው፣ በልግና ክረምት ሳይገባ መንገዱም ደህና ነው። ከመነሣትዎ በፊት ግን ከልጅዎ ጋር በስልክ ሦስት ነገር ይነጋገሩ፦ የሚተኙበት ክፍል የራስዎ መሆኑን፣ ልጆቹን በየትኞቹ ቀናት እንደሚይዙና በየትኞቹ እንደማይይዙ፣ እንዲሁም የሚመለሱበትን ቀን። ሦስተኛውን በተለይ ቁርጥ አድርገው ይንገሯት፤ ለእድሩ የዕቃ ርክክብ እፈለጋለሁ ይበሏት።